የሰባት ቁጥር ዋስ

ጋዲሴን ሰፈሩ «ወይዘሮ ክልክል» ይላታል። ስሙን ያወጡላት የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ማንን ስም ሳያወጡለት ያልፋሉ! አዳማ ላይ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ በታች ባለው ሰፈር፣ ጋዲሴ አንድ ደጃፍ ላይ ቆማ ከታየች ያ ቤት ወደ ፍሳሽ መስመሩ የማይደፋ ነገር ደፍቷል ማለት ነው። የዶሮ ላባ ክልክል። የተቃጠለ ዘይት ክልክል። ቤንዚን፣ ደም፣ ቀለም፣ አሲድ፣ ጨርቅ፣ የፈላ ውሃ፣ ሁሉም ክልክል። ዝርዝሩን እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ሰው ይስቃል፣ እሷ ግን አትስቅም።

ለምን ትሳቅ? መስመሩን ታውቀዋለች። የዛሬ ሃያ ዓመት ሲቆፈር የቀን ሠራተኛ ሆና አፈር ያመላለሰችው እሷ ናት። ኋላ በማታ ትምህርት ተምራ፣ ወረቀት ይዛ፣ እዚያው መስመር ላይ ተቆጣጣሪ ሆነች። ትከሻዋ ላይ የምትሸከመው ቦርሳ ውስጥ ጠርሙስ፣ የማንሆል ክዳን ማንሻ ሜንጦ፣ አሲድ ሲነካው የሚቀላ ወረቀትና አንድ ወፍራም ደብተር አለ። እያንዳንዱ ቤትና እያንዳንዱ ሱቅ በደብተሩ ውስጥ የራሱ ገጽ አለው። ጥፋት ከተገኘ እዚያ ይጻፋል፤ እዚያ የተጻፈ ደግሞ ቢሮ ይደርሳል፣ መስመርም ያስቆርጣል።

ሥራውን ያስተማራት ማናሴ ነው። ማናሴ ሠላሳ ዓመት ጉድጓድ ወርዶ፣ ጡረታ ሲወጣ አፍንጫው የበርበሬ ሽታ እንኳ የማይለይ ሆኖ የቀረ ሰውዬ ነው። ሁለት ነገር ብቻ አስተምሮኛል ትላለች። አንደኛው ይህ ነው፤ «የተበላሸ እንቁላል የሸተተሽ እንደሆነ አትደንግጪ፤ እየሸተተሽ ከሆነ ገና ደህና ነሽ። ድንገት መሽተቱን ሲያቆም ነው መሮጥ። አፍንጫሽን ገድሎታል፣ ቀጥሎ አንቺን ነው።» ሁለተኛው ደግሞ፣ አንድ ሰው ጋዝ ውስጥ ሲወድቅ ሌላው ተከትሎ አይግባ የሚል ነበር። ማናሴ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጉድጓድ ሲያልቁ ዓይኑ እያየ ነው ይህንን የተማረው።

እንግዲህ በዚህ ሰፈር መስመር ላይ ሰባት ማንሆሎች አሉ። ከላይ፣ ሦስተኛው አጠገብ፣ የዘገዬ የባትሪ ቤት አለ። ዘገዬ ከሞጆ ከከባድ መኪኖች፣ ከመቂ ደግሞ ከሽንኩርት ማሳ ፓምፖች የሚመጣ የሞተ ባትሪ እየከፈተ የሚያድስ፣ እጁ የተባረከ ባለሙያ ነው። በጎን በሚመጣው መስመር ላይ የአብዱልመናን የቆዳ ቤት አለ። እሱ የበግና የፍየል ቆዳ በኖራና በፀጉር ማስለቀቂያ መድኃኒት ዘፍዝፎ፣ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ለሞጆ ፋብሪካዎች ያቀርባል። ፈቃድ አለው፣ ውሃውንም አጣርቶ ነው የሚለቀው፤ ብቻ መድኃኒቱ ውሃው ውስጥ መቅረቱ አይቀርም። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙት ሰባት ቁጥር ላይ ነው። ሰባት ቁጥር ያለው ደግሞ ጋሽ ሆራ የሚባሉ ሽማግሌ በር ላይ።

መጋቢት ውስጥ ጋዲሴ አምስት ቁጥርን ከፍታ እጇን ወደ ግድግዳው ሰደደች። ሲሚንቶው በጣቷ ስትነካው እንደ በሶ ፈረሰ። ወረቀቱን ነከረችው፣ ደም መሰለ። ወደ ላይ እየተከተለች አራትን ከፈተች፣ ሦስትን ከፈተች፣ መጨረሻው የዘገዬ ማጠቢያ ገንዳ ሆነ። የባትሪ አሲድ በባልዲ ይደፋበታል።

አሲዱ ብቻውን ቢሆን ቧንቧ ይበላል፣ ሌላ ነገር የለውም። የቆዳው ውሃም ብቻውን ቢሆን ይገማል እንጂ ሰው አይገድልም። ሁለቱ የተገናኙ ዕለት ግን ማናሴ የነገራት ጋዝ ይነሳል። እስካሁን አለመነሳቱ የእግዜር ቸርነት ነው፣ ሌላ ምክንያት አላገኘችለትም። ለዘገዬ ሰኞ መጥቼ መውጫህን በሲሚንቶ እደፍነዋለሁ አለችው። አልተከራከራትም። እሺ ብቻ አለ፤ እሷንም ያስፈራት ያ እሺታው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ደጇ ላይ ቆሙ። ከፊት ጋሽ ሆራ፣ በከዘራቸው ተደግፈው። ጋሽ ሆራ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፣ የእድሩም ዳኛ። ግቡ አለች፣ ገቡ። ተቀመጡ አለች፣ አልተቀመጡም።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣» አሉ ጋሽ ሆራ። «የመጣነው ለዘገዬ ነው፤ መውጫውን አትድፈኚበት። እሺ ካላልሽን አንቀመጥም።»

እዚህ አገር ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። የጋሽ ሆራ ጉልበት እንደማይታጠፍ፣ ሲቆሙም እንደሚንቀጠቀጥ እያየች እንዴት ይቻላል? ደግሞ ባሏ የሞተ ጊዜ ሬሳውን ከሆስፒታል ያመጡት፣ ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ኮከብ አርባ ቀን ሙሉ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፋ ከጎኗ ተኝታለች፤ እንጀራውን ቆርሳ አፏ ውስጥ እየጨመረችላት ነው ጋዲሴ ከዚያ ሐዘን የወጣችው። እናቷ የወለደቻት እህት የላትም፣ ኮከብ ናት እህቷ።

ቢሆንም ጋዲሴ ዝም አላለችም። አሲዱና የቆዳው ውሃ ሲገናኙ የሚሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጋዙ የሚነሳው ሰባት ቁጥር ላይ ነው፣ ከሰባት ቁጥር መጀመሪያ የሚገባው ደግሞ በእርስዎ ቧንቧ፣ በእርስዎ ቤት ነው አለቻቸው። ነገሩን የማይረዱ መስሏት ሁለቴ ደገመችው።

ጋሽ ሆራ እስክትጨርስ አዳመጧትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «በኔ ቤት የሚወጣ ከሆነማ ጥሩ ነው» አሉ። «እንግዲያው ዋሱ እኔ ነኝ። ቤቴን ዋስ አስይዣለሁ። ከዚህ ሌላ ምን ላምጣልሽ?»

እሺ አለች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

እሺ ያለችው እንዲያው በባዶ አይደለም። ዘገዬ አሲዱን የሚያበርድበት የራሱን ጉድጓድ እስከ ግንቦት ልደታ ቆፍሮ ይጨርሳል። እስከዚያ ድረስ የሚለቀው ጧት ብቻ፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ይሆናል። አብዱልመናን ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። በመሀሉ ባሉት ሦስት ሰዓታት መስመሩ በሰፈሩ ውሃ ይታጠባል። አብዱልመናን ተጠርቶ መጥቶ ተስማማ፣ ዘገዬም የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሞ ማለ። የዘገዬ ገጽ ግን ደብተሯ ውስጥ ቀንና አድራሻ ብቻ ተጽፎበት ባዶ ቀረ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው የሚባለው፤ እሷ ቅጠሉን ይዛ ተመለሰች። ሰው ከሰው ይታረቃል፣ አሲድና የቆዳ ውሃ ግን ሽማግሌ አያውቁም፤ ይህን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ በከተማው አልነበረም።

በማግስቱ ጋሽ ሆራ ቤት ሄዳ ኮከብን አንድ ነገር ለመነቻት። በሻወር ቤቱ ወለል ላይ ባለችው ቀዳዳ በየቅዳሜው አንድ ጆግ ውሃ አፍሺ አለቻት። ከቀዳዳው ሥር የታጠፈ ቧንቧ አለ፤ እጥፋቱ ውስጥ ውሃ ከተኛበት ጋዝ አያልፍም፣ ከደረቀ ግን በር ክፍት ነው። ኮከብ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አሁን ደግሞ ቀዳዳ ውሃ አጠጪ አልሽኝ፣ ቆይ ምሳም ላብላው እንዴ አለች። ከዚያ ግን እሺ አለች፣ ዋናው ሻወር ቤት ውስጥም በየሳምንቱ ታፈስ ነበር። ከአባቷ መኝታ ጋር የተያያዘች ሌላ ትንሽ ሻወር ቤት ነበረች፤ ለጋሽ ሆራ ጉልበት ተብላ የተሠራች፣ ኋላ እሳቸው ታመው አልጋ ላይ ሲውሉ ግን ማንም መግባት የተወባት። እሷን ሁለቱም ረሷት።

ከዚያ በኋላ ጋዲሴ እንቅልፍ አጣች። በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ሰባት ቁጥርን ትከፍታለች፣ ወረቀቷን ትነክራለች፣ ሳይቀላ ይወጣል። ተመስገን ብላ ትዘጋለች። ዘገዬ ጋ ጎራ ስትል ጉድጓዱ እስከ ወገብ ተቆፍሮ ቆሟል፤ ዛሬ ነገ ይላታል፣ ሻይ ያዝላታል፣ ያሥቃታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ልደታ አለፈች። ጋሽ ሆራ ታመዋል፣ ዋሱ በታመመበት ሰሞን ምን ብላ ትቆጣ? ቤታቸው ስትገባ እጇን ይዘው «የኔ ልጅ፣ ቤቴ ደህና ናት አይደል?» ይሏታል። ደህና ናት ትላለች።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ጎህ ሲቀድ፣ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊው በየመንገዱ እየዞረ የአቶ ሆራን ስም ጠራ፣ ቀብር በዘጠኝ ሰዓት አለ።

ጋዲሴ ነጠላዋን እንኳ በቅጡ ሳታጣፋ ሮጠች። ኮከብን አቅፋ አለቀሰች፣ ደረት ተደቃ፣ ለቅሶ ደራሽ እየጨመረ ሄደ። ቦርሳዋን ቤቷ ትታው ነበር። በዚያን ቀን ስለ ቧንቧ ያሰበ ሰው አለ ብትሏት ትቆጣ ነበር።

ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ቀና ስትል ከወንዶቹ መሀል አብዱልመናንን አየችው። ሠራተኞቹን ሁሉ አስከትሎ፣ ታጥቦ፣ ንጹሕ ለብሶ ተቀምጧል። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ከዚያ ሰዓቱን አሰበች። ቆዳ ቤቱ በዘጠኝ ሰዓት ነው የሚለቀው፣ ቀብሩም በዘጠኝ ሰዓት ነው። ተነሥታ ሄዳ በጆሮው ጠየቀችው። አብዱልመናንም በትሕትና መለሰላት፤ ሁላችንም ቀብር እንድንቆም ብዬ ዛሬ ከአምስት ሰዓት ጀምሮ አስለቀቅሁት፣ ዘገዬን ከንጋት ጀምሮ እዚህ ድንኳን ሲተክል ስላየሁት ሱቁን አልከፈተም ብዬ ነው አላት። ጋሽ ሆራን ሳንቀብር እንዴት ብለን እንቅር አለ።

ዘገዬ ድንኳኑ ጥግ ገመድ ሲያጠብቅ አገኘችው። እጁን ያዘችው። «ዛሬ ለቅቀሃል?»

«አዎ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍብኝ ድንኳኑን እንደ ጨረስን ሮጬ ሄጄ ለቅቄ መጣሁ» አለ። «ከስድስት በፊት አይደል ያልሽው? ቃሌን ጠብቄያለሁ።»

የትናንቱን ጨምሮ የሁለት ቀን አሲድ ነበር የደፋው። ሁለቱም ለጋሽ ሆራ ብለው ነው። አንዱ ቀብራቸው ላይ ለመቆም፣ ሌላው ለእሳቸው የማለውን ላለማፍረስ።

ወዲያው ሽታው መጣ። የተበላሸ እንቁላል። ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ፤ አንዷ ይሄ ቆዳ ቤት ዛሬ እንኳ አይታገሥም ብላ አጉረመረመች። ጋዲሴ ቆማ ሽታውን በረጅሙ ሳበች፣ እንዳይሄድባት የምትለምነው ይመስል ነበር። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሳበች። በአምስተኛው ምንም የለም።

«ተመስገን፣ ሄደልን» አለች ሴትየዋ።

«ተነሡ!» አለች ጋዲሴ። «ሁላችሁም ውጡ። አሁኑኑ!»

ማንም አልተነሣም። ሬሳ ሳይወጣ ከለቅሶ ድንኳን ተነሡ የሚል ሰው ታይቶ አይታወቅም። ከጋሽ ሆራ ጋር ደጇ ላይ ቆመው ከነበሩት አንዱ ሽማግሌ በርኅራኄ አዩዋት፣ ሐዘን ነው ልጄ፣ ቁጭ በይ አሏት። ያን ቀን አንቀመጥም ብለው አሸነፏት፤ ዛሬ ደግሞ አንነሣም ብለው ሊያሸንፏት ነው። ጋዲሴ ዞር አለችና ዘገዬ ያሰረውን ገመድ ከካስማው ፈታችው። ድንኳኑ በአንድ ጎኑ ሰዎቹ ላይ ወደቀ። ያኔ ነው ሰው እየተራገመ፣ እየተጓተተ ወደ መንገድ የወጣው። አበደች አሉ። ይበሉ።

መንገዱ ላይ ቆማ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች። ኮከብ የለችም። ኮከብስ ብላ ጮኸች። አንዷ አሁን ነው የገባችው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳችን በፊት ፊቴን ልታጠብ ብላ ወደ አባቷ ሻወር ቤት ገባች አለቻት።

የኮከብ ታናሽ ወንድም ጫምሳ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ውስጥ ሮጠ። ጋዲሴ መኝታ ቤቱ በር ላይ ደረሰችበትና በወገቡ ያዘችው። ይጮሃል፣ ይማታል፣ ክርኑ ጥርሷን መታት። አልለቀቀችውም። እህቱ ከአንድ ሳንቃ ወዲያ ናት፤ የእሷም እህት ናት። «ከገባህ ሁለት ነው የምንቀብረው» አለችው፣ ደሙን እየዋጠች። አብዱልመናንና ዘገዬ በውጭ ዞረው የሻወር ቤቱን መስኮት በድንኳን ብረት ሰበሩት፣ በሮቹን ሁሉ ከፈቱ፣ የአዳማ ነፋስ ቤቱን አቋርጦ እስኪያልፍ ድረስ ጠበቁ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ ጫምሳ ዛሬም ይጠይቃታል። እሷ አታውቀውም።

ኮከብ ወለሉ ላይ ነበረች፣ ፊቷ እንደ ረጠበ። የመታጠቢያው ቧንቧ ክፍት ነበር፤ ውሃው በገንዳው በኩል ይወርዳል። የወለሏ ቀዳዳ ግን ክው ብላ ደርቃ፣ አቧራ ይዛለች። ከእግሯ እስከ ቀዳዳዋ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው።

አባትየው በዘጠኝ ሰዓት ተቀበሩ፣ ልጅቱ በማግስቱ። የሐኪም ወረቀት ልብ መቆም አለ። ሰፈሩም ቶሎ ተረት አበጀለት፤ የአባቷን ሞት አልችል ብላ ተከተለቻቸው፣ ምን ያለ ፍቅር ነው ተባለ። ታሪኩ ያምራል፣ ሁሉም ወደደው። ጫምሳ ብቻ በጋዲሴ ደጃፍ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል፤ ይዛኝ ነው እህቴ የሞተችው ይላል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ደረሰ፣ ጋዲሴም ወረሰችው።

በሰባተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። አሁንም ሦስት ናቸው፤ በጋሽ ሆራ ቦታ ሌላ ሰው ተተክቷል። ዘገዬ ከኋላ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፣ ከስቷል፣ ጢሙን አልተላጨም። ግቡ አለች፣ ገቡ። ነገራቸው አጭር ነበር። ሟች አይመለስም፣ ሐኪሙ የጻፈውን ጽፏል፣ የዘገዬ ልጆች ደግሞ ከእሱ ሌላ የሚያበላቸው የላቸውም፤ አንቺም ብትሆኚ እኮ ገጹን ባዶ የተውሽ ነሽ፣ ነገሩ ከተነሣ አንቺንም ይዞሽ ነው የሚሄደው። በዚሁ ይቅር። እንደ ማስፈራራት አልተናገሩትም፣ ከልባቸው አዝነውላት ነው።

ጋዲሴ ወንበሮቹን አሳየቻቸው።

«እሺ ካላልሽን አንቀመጥም» አሉ አንደኛው።

ጋዲሴ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ ወንበሩን ስባ ብቻዋን ተቀመጠች።

«እንግዲያውስ አባቶቼ፣ እንደ ቆማችሁ ጠብቁኝ» አለች።

የዘገዬን ገጽ ገለጠች። ቀንና አድራሻው መጋቢት ላይ እንደ ተጻፈ አለ፣ ከሥሩ ባዶ ነው። ጥፋተኛ በሚለው መስመር ላይ መጀመሪያ የራሷን ስም ከነአባቷ ጻፈች፣ ቀጥላ የዘገዬን፣ ቀጥላ የአብዱልመናንን። ዋስ የሚል መስመር ደብተሩ ውስጥ የለም፤ ከኅዳጉ ላይ ሆራ ብላ ጻፈች። ከዚያ የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምራ መጻፍ ያዘች። ረጅም ነበር። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ እስክትጨርስ ድረስ ቆመው ነበር።